«የጋራ አጀንዳ» የማን አጀንዳ ነው? ስለ ዘርፍ ተሻጋሪ ትብብር የተጻፉ ጥናቶች በሥነ መለኮት ሚዛን

«አጋርነት»፣ «ቅንጅት»፣ «ባለድርሻ አካላት» የሚሉ ቃላት የሌሉበት የቤተ ክርስቲያን የልማት ፕሮፖዛል ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። ቃላቱ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። መንግሥት፣ የንግድ ተቋማት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች እንዴት አብረው መሥራት እንደሚችሉ የሚመረምር ሰፊ የጥናት መስክ ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ በተለይ በአሜሪካና በብሪታንያ አድጓል። ቃላቱ ከዚያ ተነሥተው በለጋሾች መመሪያና በሥልጠና ማኑዋል በኩል አልፈው እስከ አጥቢያ ሽማግሌዎች ስብሰባ ድረስ ደርሰዋል። የደረሱን ግን ቃላቱ ብቻ ናቸው፤ ጥናቶቹ ከነክርክራቸውና ከነጥርጣሬያቸው መንገድ ላይ ቀርተዋል።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ጥናቶች ብዙ የሚጠቀሱትን አራቱን አንሥቶ ይመዝናል። ጉዳዩ የማኔጅመንት ትምህርት ቤት እንጂ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ቀን በልማት ቢሮ ይሠራሉ፤ ማታ ደግሞ ሥነ መለኮት ይማራሉ። ቀን የሚፈርሙት የመግባቢያ ሰነድ ስለ ሰውና ስለ ዓላማ አንድ ነገር ይናገራል፤ ማታ የምናስተምራቸው ደግሞ ሌላ ነገር። ሁለቱን ሳያገናኙ መኖርን ከለመዱ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይሆንም።

በጣም ከተነበበው ልጀምር፤ በጣም የሚሳሳውም እርሱ ነው። ጆን ካኒያና ማርክ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2011 በስታንፎርድ ሶሻል ኢኖቬሽን ሪቪው «ኮሌክቲቭ ኢምፓክት» በሚል ርእስ ያወጡት ጽሑፍ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ስትራይቭ የተባለ ጥምረት ከ300 በላይ የአካባቢ መሪዎችን ሰብስቦ የልጆችን ትምህርት ለማሻሻል ያደረገውን ጥረት ይተርካል፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከ53 አመልካቾች በ34ቱ መሻሻል እንደታየም ይገልጻል። ከዚህና ከጥቂት ተመሳሳይ ታሪኮች ተነሥቶ አምስት ቅድመ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፦ የጋራ አጀንዳ፣ የጋራ መለኪያ፣ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ተግባራት፣ የማይቋረጥ ግንኙነት፣ እና ሥራውን የሚሸከም የጀርባ አጥንት ድርጅት። አምስቱን ነጥቦች ብዙዎቻችን በአንዱ ሥልጠና ላይ፣ ምናልባትም ከየት እንደመጡ ሳይነገረን፣ ጽፈናቸዋል።

ጽሑፉ የተወደደው ግልጽ ስለሆነ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ነገር ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ እንይ፦ የፋውንዴሽን ኃላፊዎች፣ የኩባንያ ሥራ አስኪያጆች፣ የከተማ ባለሥልጣናት፣ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች። ልጆቻቸው በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ወላጆች የሚሻሻልላቸው እንጂ አጀንዳ የሚቀርጹ ሆነው አይታዩም። የማኅበረሰብ ሥነ ልቦና ባለሙያው ቶም ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ትችት ይህንኑ አጥብቆ አንሥቷል፤ ጸሐፊዎቹ ከእነርሱ በፊት ስለ ማኅበረሰብ ጥምረት የተደረገውን የብዙ ዓመታት ምርምር አለመመልከታቸውንም ወቅሷል። ካኒያና ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2022 ከሌሎች ጋር በመሆን ባወጡት አዲስ ጽሑፍ ፍትሐዊነት ማእከል ሊሆን ሲገባው በመጀመሪያው ሥራቸው እንዳልነበረ ተቀብለው ትርጉሙን አድሰዋል። እንዲህ ያለ እርማት በዘርፉ ብዙ አይታይምና ሊመሰገኑ ይገባል። እኛ ዘንድ የሚሠራበት ማኑዋል ግን አሁንም የ2011ዱን ይዟል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከተሳትፎ ጥያቄ ጠለቅ ያለ ነው። «የጋራ መለኪያ» ሲባል፣ የማይለካው ነገር የጋራ አይሆንም ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ፕሮጀክት አስተባባሪ ሆኖ ሲሠራ ያጋጠመውን በክፍል ውስጥ አጫውቶናል። በሩብ ዓመቱ ውስጥ ከፕሮጀክቱ ተጠቃሚዎች የሞቱ ነበሩ፤ ሠራተኞቹ ለቅሶ ደርሰዋል፣ ቀብር ቆመዋል፣ ሠልስት ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል፣ ጸልየዋል። የሪፖርቱ ቅጽ ይህን የሚያስገቡበት አንድም ረድፍ አልነበረውም። የነበረው ረድፍ «ያቋረጡ ተጠቃሚዎች ብዛት» ይላል። ተማሪው ቁጥሩን ሞላ። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሊስማሙበት የሚችሉትን ብቻ ነው ያስቀመጡት። ሁሉም የሚስማማበት ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲሳሳ ኖሮ የተረፈው ነው።

የክሪስ አንሰልና የአሊሰን ጋሽ ጥናት ከዚህ እጅግ የጠነከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ ሥራ 137 የትብብር አስተዳደር ጉዳዮችን አሰባስቦ ትብብርን የሚያሳካውና የሚያፈርሰው ምን እንደሆነ ይመረምራል። የደረሰበት መልስ የተጋነነ አይደለም፦ ቀድሞ የነበረ ግጭት ወይም መግባባት፣ የኃይልና የሀብት አለመመጣጠን፣ ለመሳተፍ የሚያነሣሣ ጥቅም፣ አመራር፣ የተቋም አወቃቀር። ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩና ትንንሽ ድሎችን አብረው ሲያዩ መተማመን ይበቅላል ይላሉ። የሀብት ልዩነቱ ሰፊ ሲሆንና ደካማው ወገን እንዲሳተፍ የሚያስችል እርምጃ ሳይወሰድ ሲቀር ግን ትብብሩ የብርቱው መሣሪያ ይሆናል። በለጋሽና በአጥቢያ መካከል የተቀመጠ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገው ይሆናል፤ ቢሆንም በማስረጃ መነገሩ ጥቅም አለው።

ጉድለቱ በትርጉሙ ላይ ነው። ለአንሰልና ለጋሽ ትብብር ተብሎ የሚቆጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጀመረው፣ መደበኛ መልክ ያለውና በስምምነት ውሳኔ ለመስጠት የሚሰበሰብ መድረክ ነው። ጉዳዮቻቸውም በአብዛኛው አሜሪካዊ ናቸው፤ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ጉዳዮች ይበዙባቸዋል። ጸሐፊዎቹ ይህን አይደብቁም። ነገር ግን በዚህ መስፈርት እድር ትብብር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ነጋዴውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ ይዞ፣ ድንኳንና ወንበር አሟልቶ፣ ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተወው ተቋም ከወንፊቱ ይንጠባጠባል።

እድርን ያነሣሁት ለማሞገስ ብቻ አይደለም። የወንጌል አማኞች ከእድር የተሰረዙባቸው፣ ሬሳ ይዘው የመቃብር ቦታ የተከለከሉባቸው ዓመታትና አካባቢዎች ነበሩ። የራሳችንን እድርና የራሳችንን መቃብር ስፍራ የመሠረትነው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። አንሰልና ጋሽ «የቀድሞ ግጭት ታሪክ» የሚሉት ተለዋዋጭ ለእኛ በሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ሳጥን አይደለም፤ አያቶቻችን የተቀበሩበት ቦታ ነው። እነርሱ እንደሚሉት ከባድ ግጭት የነበረባቸው ወገኖች ሊተባበሩ የሚችሉት እርስ በርስ በእጅጉ የሚፈላለጉ ሲሆን ወይም መተማመንን ለመጠገን የታሰበበት ሥራ ሲሠራ ነው። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን በሞዴላቸው ውስጥ የለም። መተማመን የሚጠገነው በተደጋጋሚ ስብሰባና በትንንሽ ድል ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ግን ከፊል ነው፤ የጎደለውንም መናገር የእኛ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው ሥራ የክሪስ ሃክሳምና የሲቭ ቫንገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው መጽሐፋቸው ትብብርን ስለመምራት ጽፈዋል። ከአራቱ ሐቀኛው እርሱ ይመስለኛል። ለዓመታት በትብብር ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር አብረው እየሠሩ፣ ምሬታቸውን እየሰሙ ነው የጻፉት። ዋናው ግኝታቸው ትብብር ብዙ ጊዜ ይንቀረፈፋል የሚል ነው፤ ውጤቱ ያነሰ፣ የሚመጣውም ዘግይቶና ብዙ ድካም ጠይቆ ይሆናል። ስለዚህም ግልጽ ጥቅም ከሌለውና ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ አትግቡበት ብለው ይመክራሉ። ስለ ትብብር መጽሐፍ ጽፎ አትተባበሩ የሚል ሰው ማዳመጥ ያሳርፋል። በሌላ ጥናታቸው እንዳሳዩትም፣ ትብብርን ወደ ፊት የሚያራምዱ መሪዎች በማሳተፍና በማበርታት ብቻ አይሠሩም፤ አንዳንዴ ይገፋሉ፣ ያሸነግላሉ፣ የማይስማማቸውን ያገላሉ። ይህን ያለ ሽፋን መጻፋቸው ስለ ሰው ልብ ካለን ትምህርት ጋር ይስማማል። እኛ ስለ ኃጢአት የምናስተምር ሰዎች ስለ አጋርነት ስንጽፍ ግን በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ኃጢአተኛ የሌለ ይመስላል።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመን ነው፤ ምንም እንኳ ስለ ልማትም ሆነ ስለ አስተዳደር ባይሆንም። ሱዛን ሊ ስታርና ጄምስ ግሪስመር እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያ በርክሊ ስለሚገኘው የአከርካሪ እንስሳት ሙዚየም የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ግሪኔል ሳይንቲስት ነበር፤ ከአካባቢ ለውጥ ጋር የዝርያዎችን ሁኔታ ማጥናት ይፈልጋል። ገንዘቡን የሰጠችው አኒ አሌክሳንደር የካሊፎርኒያ ተፈጥሮ ሳይጠፋ እንዲመዘገብ ትሻለች። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ዝናን ይፈልጋል። ወጥመድ አጥማጁ ክፍያውን። እነዚህ ሰዎች የጋራ አጀንዳ አልነበራቸውም፤ ግሪኔልም አጥማጁን ስለ ሳይንስ ለማሳመን አልደከመም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ እንስሳው የት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደተያዘ በተወሰነ መልክ ይመዝገብ፣ ቆዳውም ሳይበላሽ ይምጣ። ያ የተሞላ እንስሳና ያ የማስታወሻ ወረቀት ለእያንዳንዱ ወገን የተለያየ ትርጉም ነበረው፤ ግን በሁሉም እጅ ማለፍ የሚችል ነበር። ስታርና ግሪስመር እንዲህ ያሉትን «የወሰን ዕቃዎች» ይሏቸዋል። መደምደሚያቸው ካኒያና ክሬመር ከሚሉት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ሰዎች በዓላማ ሳይስማሙ መተባበር ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም የሚተባበሩት እንዲሁ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጤና ቢሮው ጋር ውኃ ለማውጣት የጤና ቢሮውን ዓላማ ዓላማችን ማድረግ አይጠበቅብንም፤ የእኛንም ከጉድጓዱ ሥር መቅበር አያስፈልገንም። የጉድጓዱ ጥልቀትና የውኃው ንጽሕና ለሁለታችንም አንድ ነው። ውኃው ለማን ክብር እንደተቀዳ ግን አንድ ላይሆን ይችላል፤ ይህን በግልጽ መናገር ክህደት አይደለም። ይሁን እንጂ ስታርና ግሪስመር ያልገፉበት ጥያቄ አለ። የሙዚየሙ ዕቃዎች በሁሉም እጅ ቢያልፉም ቅጹን የወሰነው ግሪኔል ነው፤ ገንዘቡን የያዘችው ደግሞ አሌክሳንደር። አጥማጁ ቅጽ አልቀረጸም።

ቅጹን የሚቀርጸው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በአገራችን የተነሣው ከላይ ከጠቀስኳቸው ጥናቶች ሁሉ በፊት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ በግንቦት 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልጅ ልማት ግንኙነት ደብዳቤ ጻፈች። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለእርሻ ፕሮጀክት በቀላሉ ይሰጣሉ፤ በፍጥነት ለምታድገው ቤተ ክርስቲያን ለስብከትና ለመሪዎች ሥልጠና የሚሆን ግን አይገኝም። መስፈርቱን ለጋሾቹ አስቀድመው ወስነውታል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ፍላጎት በራሷ ቅደም ተከተል ማቅረብ አልቻለችም። ደብዳቤው ቀድሞ ነፍስን ብቻ፣ በኋላ ደግሞ ሥጋን ብቻ ይመለከት የነበረውን አሠራር አንድ ላይ ይተቻል፤ ሰው አይከፈልምና።

ብዙ ጊዜ ይህን ደብዳቤ የምናነበው ስለ ሁለንተናዊ አገልግሎት የቀረበ ሥነ መለኮታዊ መግለጫ አድርገን ነው፤ ከሎዛን ጉባኤ ሁለት ዓመት መቅደሙንም በኩራት እናነሣለን። ትክክል ነው። ነገር ግን ደብዳቤው የትብብር ትችትም ነው፤ በዚህ ረገድ ሲጠና አላየሁም። ሀብት ያለው ወገን የሚለካውን ሲወስን፣ ተቀባዩ የሚያምነውን ቀስ በቀስ ይቀይራል የሚለው ማስተዋል አንሰልና ጋሽ «የሀብት አለመመጣጠን» ካሉት ይዘልቃል። እነርሱ ደካማው ወገን ድምፁ እንደማይሰማ ያስጠነቅቃሉ፤ ደብዳቤው ደግሞ ድምፁ ተሰምቶም የሚናገረው የሌላውን ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ደብዳቤው ፍሬ አልባ አልነበረም። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1974 በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ላይ የምክክር ጉባኤ ጠርቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ጉዲና በደርግ ተገደሉ።

ከዚያ ወዲህ የነፍስና የሥጋ ክፍፍል በሕግም መልክ መጣ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም ነበር፤ የልማት ሥራ መሥራት የፈለገች ቤተ ክርስቲያን ግን የልማት ክንፏን ለብቻው አስመዝግባ በአዋጁ ሥር ማስገዛት ነበረባት። አዋጁ በ1113/2011 ተተክቷል። ለሁለት የተከፈለው ቢሮ፣ ሁለቱ ማኅተሞችና ሁለቱ የሒሳብ መዝገቦች ግን በብዙ ቤተ እምነቶች ቀጥለዋል። ወንጌላዊውና የፕሮጀክት ኃላፊው በአንድ ግቢ እየሠሩ ላይተዋወቁ ይችላሉ።

እስከ አሁን የሌሎችን ጥናት ተችቻለሁ፤ የእኛን የሥነ መለኮት ጽሑፎች ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ስለ ትብብር ስንጽፍ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ነው። ብልቶች ብዙ፣ አካል አንድ፤ እንግዲህ ወረዳው፣ ለጋሹና ቤተ ክርስቲያን እንደ ብልቶች ይደጋገፉ እንላለን። ይህ የትርጓሜ ስሕተት ነው። ጳውሎስ የሚናገረው በአንድ መንፈስ ስለ ተጠመቁ ሰዎች ነው፤ አካሉም የክርስቶስ አካል ነው። የባለድርሻ አካላት መድረክ የክርስቶስ አካል አይደለም። እንዲህ ስንል የመድረኩን ክብር ከፍ፣ የቤተ ክርስቲያንን ክብር ዝቅ እናደርጋለን።

ለጉዳዩ የሚቀርቡት ከምርኮ መልስ ያሉት መጻሕፍት ናቸው፤ የሚደንቀውም አንድ መልስ ብቻ አለመስጠታቸው ነው። በዕዝራ 4 ዘሩባቤልና ኢያሱ አብረን እንሥራ ብለው የመጡትን እምቢ አሉ፤ ዋጋውም ሥራው ለዓመታት መቆሙ ነበር። በዕዝራ 8 ዕዝራ ስለ አምላኩ በንጉሡ ፊት ከተናገረ በኋላ አጃቢ ወታደር መጠየቅ አፈረ፤ ጾመና ሄደ። በነህምያ 2 ግን ነህምያ ከዚያው ከአርጤክስስ የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ፣ ከንጉሡ ደን እንጨት ጠየቀ፣ ፈረሰኞችንም ተቀብሎ ሄደ። ሦስቱም በአንድ ትረካ ውስጥ ናቸው፤ መጽሐፉ አንዱን በሌላው አይነቅፍም። እንግዲህ ጥያቄው «መተባበር መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው ወይ?» አይደለም። ዘሩባቤል በአምልኮው ቤት ላይ፣ ነህምያ በቅጥሩ ላይ ነበሩ፤ ልዩነቱ ከዚያ ይጀምር ይሆን? እኔ እንደዚያ አነባለሁ፤ የሚከራከረኝ ግን እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የዕዝራ ሃፍረት ለዚህ ንባብ በቀላሉ አይገዛምና።

መለኪያን በተመለከተም ራሳችንን በመንፈሳዊነት መሸሸግ አንችልም። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 የኢየሩሳሌምን እርዳታ ሲልክ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አድርጓል፤ ነቀፋ እንዳይነሣ፣ በጌታ ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም እንዲሆን ነው። በሮሜ 15 ደግሞ ስጦታው በቅዱሳን ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ጸሎት ይለምናል። ሰጪው «ይቀበሉኝ ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። ካነበብኳቸው የትብብር ጥናቶች በአንዱም ይህ የሰጪ ጭንቀት ቦታ አላገኘም።

የሚያበረታታ ምሳሌ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሥር እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የክርስቲያን ሕክምና ኮሚሽን ነው። የጉባኤው ስም ሲነሣ ቅር የሚላቸው የዚህ መጽሔት አንባቢዎች እንዳሉ አላጣሁትም፤ ታሪኩን ግን ልብ ይበሉ። ኮሚሽኑ የጀመረው የቤተ ክርስቲያንን የራሷን ሆስፒታሎች በመመርመር ነበር። አብዛኛው ገንዘብና ጉልበት በሆስፒታል ቅጥር ውስጥ ለሕክምና ይውላል፤ በሽታው ግን በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ሆኖ ከመንደር ይመጣል። ጃምኬድን በመሰሉ የሕንድ ገጠሮች፣ ራጅና ማቤል አሮሌ የተባሉ ክርስቲያን ሐኪሞች የመንደር ሴቶችን አሠልጥነው የሠሩትን ለዓለም አስተዋወቀ። በጄኔቭ የዓለም ጤና ድርጅት ጎረቤት ነበርና ከ1974 ጀምሮ በይፋ አብረው ሠሩ፤ በ1978 በአልማ አታ የታወጀው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ የዚህን ትብብር አሻራ ይዟል። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ፈጻሚ አጋር አልነበረችም። የራሷን ሆስፒታሎች ፈትሻ ያገኘችውን ይዛ ቀረበች፤ ቅጹን በመቅረጽም ተካፈለች።

በየኮሌጆቻችን ለማስተርስ የሚቀርቡ ስለ አጋርነት የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች አምስቱን የካኒያና ክሬመር ነጥቦች ወደ መጠይቅ ለውጠው «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚያስሞሉ መሆናቸው ያሳዝናል። ሊጠና የሚገባው በቅርብ አለ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናትና የእርዳታ ድርጅቶች በአንድ ኅብረት ሲሰባሰቡ ማን ምን ተወ፣ ምንስ አልተውም አለ? በኤችአይቪ ዘመን በአንድ ቀበሌ የነበሩ እድሮችና አጥቢያዎች ሕመምተኛን በየቤቱ ሲያስታምሙ፣ ቀድሞ መቃብር የተከለከለውና የከለከለው እንዴት በአንድ አልጋ ዙሪያ ቆሙ? የእድር ጸሐፊዎች መዝገብ ይይዛሉ። በዚያ መዝገብ ላይ የተሰረዙ ስሞች አሉ፤ በኋላ እንደገና የተጻፉም አሉ። እንደገና የተጻፉበትን ቀንና ምክንያት ማንበብ ከአንድ ተመራቂ ተማሪ ዐቅም በላይ አይደለም።